ሁለቴ የተቀነሱት ስምንት ዓመታት

ኦሃዮ፣ ዌስተርቪል ከተማ ውስጥ ስለ ስዊድን ጦር የሚያውቅ ሐበሻ ፈልጉ ብትባሉ፣ ከጋሼ አሥራት ሌላ አታገኙም። በወጣትነታቸው ቢሾፍቱ አየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ያስተማሯቸው ስዊድኖች ናቸው። አንዱ አስተማሪያቸው "አገሬ ጦር አላት፣ ጦርነት ግን የላትም" ያላቸው ከአእምሯቸው አልወጣም። ጡረታ ወጥተው ኮሮና ቤት ሲዘጋባቸው፣ የዚያን ጦር ታሪክ በሁለት ወፍራም ደብተር ጻፉት፤ ከጥንቶቹ ተዋጊ ነገሥታት ጀምረው፣ የግዳጅ ውትድርናው በ2002 ቀርቶ በ2009 እስከ መመለሱ ድረስ። ዘመኑ ሁሉ በሐበሻ አቆጣጠር ነው። ሠላሳ ዓመት ኦሃዮ ኖረውም ዓመታቸው የሚገባው በመስከረም ነው።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ሳይሞቱ "ይህን የጻፈው አሥራት ነው" መባል። በቃ።

"ይጻፉት" እያለ የጎተጎታቸው ደጀን ነው፤ ቤት አሻሻጭ፣ የኮሚኒቲው ሰብሳቢ፣ ምላሱ ማር። እሑድ እሑድ ከፒከሪንግተን ድረስ እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸዋል፤ የሚጠራቸውም "አባቴ" እያለ ነው። የመጀመሪያውን ደብተር "አንብቤ ልመልስ" ሲላቸው ቅንጣት አላመነቱም።

ግንቦት 2014 ላይ ስዊድን ኔቶ ልግባ ብላ አመለከተች። ኮሚኒቲው የዙም ውይይት ጠራ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ አሥራት ሸሚዝ ቀይረው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ፤ ደጀን ስማቸውን እስኪጠራ። አልጠራም። "ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁትን ላካፍላችሁ" ብሎ ጀመረ። ወይ ጉድ! ቃል በቃል የሳቸው ደብተር! የአስተማሪያቸው ንግግር እንኳ አልቀረችም።

ከዚያ "ስዊድን ለመጨረሻ ጊዜ የተዋጋችው በኛ አቆጣጠር በ1798 ነው" አለ። እዚህ ላይ ጋሼ አሥራት አልቻሉም። ጅሉ! አሜሪካ የተጻፈ ሁሉ በፈረንጅ ዘመን መስሎት፣ ደብተሩ ላይ ካለው 1806 ሌላ ስምንት ዓመት ቀንሷል። ማይካቸውን ከፈቱ።

"ደጀን፣ 1806 ነው። ስምንቱን እኔ ስጽፈው ቀንሼዋለሁ።"

ደጀን ሳቅ አለ።

"ጋሼ አሥራት፣ አባታችን! ዕድሜ ይስጥልን። ዛሬ ትንሽ ደክሟቸው ነው መሰለኝ" ብሎ ሚዩት አደረጋቸው። ስክሪኑ በልብና በጭብጨባ ተሞላ። ሰዉ ሽማግሌ ማክበሩ ነው እኮ!

"ኢግኖር አድርገው፣ አባዬ" አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ሮሃ።

"እንደ ልጄ ነበር ያመንኩት" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ደጀን ኮል አደረገ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብለው ቶሎ አነሱት።

"አባቴ፣ ሕዝቡ በጣም ነው የወደደው! ሁለተኛውን ደብተር መጥቼ ልውሰድ?"

"አልጻፍኩትም" ብለው ዘጉት።

ሁለተኛው ደብተር ግን ጭናቸው ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል "መታሰቢያነቱ፣ ይጻፉት ብሎ ለጎተጎተኝ ለልጄ ለደጀን" ይላል። ሌላው ገጽ እንዳይበላሽ ማስመሪያ አስደግፈው ቀስ ብለው ቀደዱት።