ልዕልቲቱ የተቀመጡበት ክምር

ሾላ ገበያ፣ ጎህ ሲቀድ

የጉዞ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሁሉ ሩቅ አገር ሄዶ ነው የሚጽፈው። እኔ ዛሬ የምጓዘው ከሾላ እንጦጦ ነው፤ ያውም የጎመን ቅጠል በጫነ አሮጌ አይሱዙ። መናቅ የፈለገ ይናቅ፤ ዛሬ ልዕልት የማየው እኔ ነኝ።

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አራጋፊዎቹ ቲማቲሙን በሣጥን፣ ጥቅል ጎመኑን በጆንያ ያወርዳሉ። የልጅነት ጎረቤቴ ስንዱ ከሥር ከሥር እየተከተለች የወደቀውን ትለቅማለች፦ የጎመን ልባስ፣ የቀይ ሥር ቅጠል፣ የፈረጠ ቲማቲም። ሰው በእግሩ ገፍቶት የሚያልፈው ሁሉ ለእሷ ሲሳይ ነው። እኛ ሰፈር ካሉ ሴቶች ጋር እንጦጦ ላይ በምታለማው ጓሮ ወስዳ ትከምረዋለች፤ እያገላበጠች አብስላ ኮምፖስት ታደርገዋለች። የባሕር ዛፍ ሥር አፈር ያለዚህ ብስባሽ ጎመን ቀርቶ አረምም በወጉ አያበቅልም።

ጆንያዎቹን ስንጭን ፊቷ ጠቁሯል።

«ምነው?» አልኳት።

«ይሄ የመጨረሻው ጭነት ነው። ክምሩ ይሸታል፣ ዝንብ ያመጣል ተብሎ፣ የዛሬዋ እንግዳ ጎብኝታ ስትሄድ ይነሣ ተብሏል። ክምሩ ከተነሣ ጓሮውም አበቃለት።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አቶ መኮንን ናቸዋ! ቦታውን የሰጠን ኮሚቴ ሰብሳቢ። ቤታቸው ከጓሮው ጎን ነው። አንድ ቀን ቀርበው ሳያዩት ከመስኮታቸው ፈረዱብን።»

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ለፓስቲና ለሻይ ቆምን። ፓስቲው ከአምና ይልቅ በዋጋ አድጎ በቁመት አጥሯል፤ ጣዕሙ ግን ያው ነው፣ አልከዳንም። ሾፌራችን ጋሽ ቶሎሳ ሻያቸውን እያማሰሉ ስለ እንግዳዋ የሚወራውን ነገሩኝ። ከባሕር ማዶ የመጡት ልዕልት በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ጽጌረዳውን ነቅለው ድንችና ካሮት ተክለዋል አሉ። ኬሚካል የተረጨበት ቅጠል አፋቸው አይገባም። በሄዱበት አገር ሁሉ ከሙዚየም በፊት ጓሮ አሳዩኝ ነው የሚሉት።

«እውነት በእጃቸው ይቆፍራሉ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ግን ሾፌር ከመሆኔ በፊት ገበሬ ነበርኩ። ሲመጡ እጃቸውን አይቼ እነግርሃለሁ።»

ዳገቱ

ከፈረንሳይ በላይ መኪናው ማቃሰት ጀመረ። ጋሽ ቶሎሳ ማርሽ በቀነሱ ቁጥር ከኋላችን ጥሩንባው ይደምቃል። ቱታ የለበሱ ሯጮች ቀድመውን ወጡ፤ አንዱ በእጁ አበረታታን። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ሲገባ ስንዱ ወደ ኋላ ዞራ ጆንያዎቹን ትቆጥር ነበር። አንጀቴን በላችው።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አቅራቢያ

ጓሮው ሠርግ ቤት መስሏል። ድንኳን ተተክሏል፤ ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ጆንያዎቹን አራግፈን ባዶዎቹን አጥሩ ሥር ካጣጠፍን በኋላ ነው ስንዱ ቀና ብላ ያየችው።

«ክምሬስ?»

አቶ መኮንን አዲስ ሱፍ ለብሰው ብቅ አሉ። «አይዞዎት ወይዘሮ ስንዱ፣ አልተነሣም። አስተካክለን ሸፈንነው።»

የክምሩን አናት ደልድለው ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፈውበታል። ከላይ ከዲኮር ቤት የተከራዩት ቀይ የሙሽራ ወንበር ጉብ ብሏል።

«ለክብር እንግዳ ከፍ ያለ ቦታ ነው የሚገባው» አሉ አቶ መኮንን። «ግቢው ውስጥ ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ የለም።»

እንግዳን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ገበናን መሸፈን ሁላችንም ከቤታችን ተምረን ያደግነው ነው። አቶ መኮንን ሁለቱንም በአንድ ምንጣፍ ገላገሉት።

«ትናንት እኮ ነው ያገላበጥኩት!» አለች ስንዱ በሹክሹክታ። «እየተብላላ ነው፤ ውስጡ ገና ይግላል።»

ልዕልቲቱ በእልልታ ገቡ፤ ሸምገል ያሉ፣ ዝርግ ጫማ ያደረጉ ሴት ናቸው። ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። አቶ መኮንን ንግግር ጀመሩ፤ ንግግሩም እንደ ዳገቱ አላልቅ አለ። ነፋሱ ሁላችንንም ሲያንቀጠቅጠን ልዕልቲቱ ብቻ ሞቋቸዋል። ከሣሩ ጠርዝ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተመቻቹ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ምንጣፉ ላይ አሳረፉና ፈገግ አሉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ንግግሩ ሳያልቅ ተነሥተው ወረዱ፣ ተንበረከኩ፣ የሣሩን ጫፍ ገልጠው እጃቸውን እስከ አንጓቸው ከተቱት። የአቶ መኮንን ንግግር እዚያው ላይ ተቆረጠ።

«ይህን የሠራው ማን ነው? ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

ስንዱ ከሴቶቹ መሀል ወጣች።

«እኔና ጓደኞቼ ነን። ነገ ግን ይነሣል። ይሸታል ተብሏል።»

አስተርጓሚው አቶ መኮንንን አየት አድርጎ ተረጎመ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ልዕልቲቱ አልተቆጡም፤ አልመከሩምም። አንድ እፍኝ ዘግነው ለአቶ መኮንን ዘረጉላቸው። እንግዳ፣ ያውም ልዕልት፣ የሰጠውን በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው። አቶ መኮንን ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከተቀበሉ በኋላ የሚያደርጉት ስለጠፋቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ኧረ አይሸትም!» አመለጣቸው። «ዝናብ የጠገበ አፈር አፈር ነው የሚለው።»

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። ወንበሩ ወረደ፣ ሣሩ ተጠቀለለ። ልዕልቲቱና ስንዱ ጎን ለጎን ሆነው የካሮቱን መደብ ብስባሽ አለበሱት።

«ጥፍራቸውን አየህ?» አሉኝ ጋሽ ቶሎሳ። «ገበሬ ናቸው።»

ቁልቁለቱ

እንግዶቹ ሄዱ። ክምሩ ይቆይ ያለ ሰው ግን የለም። ስንዱ መኪናው ላይ ወጥታ በሩን ዘጋች፤ ጋሽ ቶሎሳ ሞተሩን አስነሡ።

«ይቁሙ! ይቁሙ!»

አቶ መኮንን ናቸው። ባዶዎቹን ጆንያዎች በአዲሱ ሱፋቸው ላይ ተሸክመው ይሮጣሉ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ረስተዋቸው እኮ ነው! የሚቀጥለውን ጭነት በምን ሊያመጡት ነው?» ብለው ከኋላ ወረወሯቸው።

«ገለቶማ!» ብለው ጋሽ ቶሎሳ በኦሮምኛ አመሰገኑና ፍሬኑን ለቀቁ።

ስንዱ እንዳላያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የእኔም የእሷም ቤት ፈረንሳይ ነው። ስንደርስ ጋሽ ቶሎሳ ሊያወርዱን ጥግ ያዙ።

«ይቀጥሉ ጋሼ» አለች። «ሾላ አሁንም ቅጠል አይጠፋም።»

እኔም አልወረድኩም።