የመጨረሻው ቅጽ መርዶ

ከእናቷ ጋር ስንለያይ ልጄ ከእሷ ጋር ኬኔሶ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄደች፣ እኔ ክላርክስተን ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንድወስዳት ተፈቅዶልኛል፤ መምጣት አለመምጣቱ ግን የእሷ ነው። «ሆምወርክ አለኝ» ትለኛለች። «እሺ የኔ እናት» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ከዚያ ታክሲዬን አስነስቼ የማላውቀውን ሰው አየር ማረፊያ አደርሳለሁ፣ ሌላ የማላውቀውን ሰው ይዤ እመለሳለሁ። ቅዳሜ እንዲህ ይመሻል።

እምቢ የማትለኝ የመጽሐፋችን አዲስ ቅጽ ሲወጣ ብቻ ነበር። ነገሩ ስለ አንድ የተማሪዎች ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚተርክ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ነው። መጀመሪያ በአገራቸው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በየክፍሉ ወጣ፣ በኋላ ተሰብስቦ ቅጽ በቅጽ ታተመ። በእንግሊዝኛ ማሳተም የጀመረ አንድ ድርጅት መሐል ላይ ተወው፤ ሌላው ከአንደኛው ቅጽ ተነሥቶ በየሁለት ወሩ ያወጣ ጀመር። አንባቢው ሁሉ ዘገየ እያለ ሲያማርር እኔ ቶሎ አያልቅብንም ብዬ ልቤ ይሞቅ ነበር። መጻሕፍት መደብሩ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናነባለን፤ እሷ ገጹን ስትገልጥ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» እላታለሁ። የሃምሳ ዓመት ሰው የሥዕል ታሪክ ያነባል ወይ ለሚለኝ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነው መልሴ።

አንድ ማክሰኞ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ልጠይቅ ብቻዬን ብሄድ፣ ሻጩ «እሱ የመጨረሻው ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ነው የምጠራት?

ልጄም እንደኔ የምታዝን መሰለኝ። በስልክ አልነግራትም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ፈተና ላይ ስለነበረች እስኪያልፍ ዋጥ አድርጌ ያዝኩት። እንዳለፈ፣ በወጉ መሠረት በማለዳ፣ ሰው ይዤ ሄድኩ። ያስከተልኩት አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬን ነው። ፊቴን አይቶ ሳይጠይቅ ጥቁር ጃኬቱን ለበሰ። መንገድ ላይ «ማን ነው የሞተው?» ቢለኝ «ዝም ብለህ ና» አልኩት።

ልጄ በቢጃማዋ በሩን ከፍታ ሁለታችንን ስታይ ክው አለች።

«አባዬ፣ ምንድነው? ማሚ ከላይ ተኝታለች... ምን ሆናችሁ?»

«ጠንከር በይ» አልኳት። «መጽሐፋችን ሊያልቅ ነው። የሚመጣው የመጨረሻው ነው አሉ።»

ጓደኛዬ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እሷ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አስደነገጥከኝ! ጃፓን እኮ እኔ ሳልወለድ ነው ያለቀው። ኦንላይን ፊኒሽ ካደረግኩት፣ ላይክ፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አብረሽኝ ትመጪ ነበር?»

መሬት መሬት አየች።

«ብቻህን ስለሆንክ ነዋ» አለችኝ፣ በቀስታ። «ታሳዝነኛለህ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ናፍቄያት የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ፣ ከማፈሬም በላይ ልቤ ተሰበረ። ደጃፉ ላይ እንደ ቆምኩ ጓደኛዬ ቀረብ አለና፣ መርዶ የተረዳ ሰው እንዳይወድቅ እንደሚያዘው፣ በሁለት እጁ ክንዴን ያዘኝ።