ቨርና ህሩስካ ያለበሰችው ሜዳ

ወንዙ ሞልቶ የከተማችንን የቤዝቦል ሜዳ ደለል ካለበሰው ወዲህ፣ የልጃገረዶቹ ቡድናችን በሰው ሜዳ ብቻ የሚጫወት እንግዳ ሆኖ ቀረ። እዚህ ነብራስካ ውስጥ ለትንሽ ከተማ ይሄ ቀላል ውርደት አይደለም። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ግን ቨርና ህሩስካን ነበር። ቨርና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ በወጣትነቷ በዚያው ሜዳ ላይ ኳስ ስትቀልብ ጣቶቿ የተጣመሙ ሴት ናት። አውቶቡሱን ባስረከበች ሰሞን የከተማውን ምክር ቤት አስፈቅዳ ሜዳውን ተረከበች።

ታላቅ ወንድሟ ሊላንድ ሣር እንደ ሰብል አብቅሎ፣ ከነሥሩ ገፎ፣ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ የሚሸጥ ገበሬ ነው። ሣር ስትጠይቀው ግን እምቢ አለ። ከዓመታት በፊት ከተማው የሱን ሣር እንደ ድንጋይ በጠጠረ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ውሃውን ላይ ላዩን እያርከፈከፈ አድርቆት ነበር። የታማው ግን የሊላንድ ሣር ነው። ያ ቁጭት አልወጣለትም።

“ሁለተኛ ሣሬን አልቀብርም” አላት።

“መጀመሪያ መሬቱን እይልኝ። ካልወደድከው ተወው፣ አልለምንህም።”

በዚያ ጸደይ ቨርናን የፈለገ ሰው የሚያገኛት ሜዳ ላይ ነበር። ደለሉን በጎረቤት ትራክተር አስጠረገች። ከሥሩ ያለውን ደረቅ አፈር በጥልቀት አሳርሳ የበሰበሰ ፍግ ቀላቀለችበት። ድንጋይ ለቀመች፣ ጓል ከሰከሰች፣ ደለደለች፣ ውሃ የተሞላ በርሜል እያንከባለለች አስተኛችው። ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እሷ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች፤ ውሃ ያቆረበትን አይታ ስትመለስ ስርጉዱን ትሞላለች።

ሊላንድ መጣ። ከኪሱ ካቻቪቴ አውጥቶ መሬቱን ቢወጋው እስከ እጀታው ሰመጠ። ቁጢጥ ብሎ አፈሩን በእጁ ሲያሽ ቆየና፣ በማግስቱ ማለዳ ሣሩን እንደሚልክ፣ አንድም ጥቅል ሳይዘረጋ ፀሐይ ላይ እንዳይውል ነግሯት ሄደ።

በማግስቱ ግማሹ ከተማ ወጣ። ቨርና መሬቱን ቀድማ አርጥባው ነበር። ጥቅሎቹን ጫፍ ለጫፍ እያጠጋን፣ መጋጠሚያዎቹን እንደ ጡብ እያፈራረቅን ስንዘረጋ፣ እሷ ከኋላችን ውሃ ትለቃለች። በየቦታው ጠርዙን ገለጥ አድርጋ አፈሩን ትዳስሳለች፤ እርጥበቱ ከሣሩ አልፎ ካልወረደ ውሃውን አትዘጋም።

ሣሩ ገና ሥር ሳይሰድ ሙቀቱ መጣ፤ የሜዳው የውሃ ፓምፕም በዚያው ተቃጠለ። ከሰዓት ላይ ጠርዞቹ ገርጥተው፣ መጋጠሚያዎቹ ይከፈቱ ጀመር። ቨርና ወደ ከተማችን በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አዛዥ ወደ ኦርቪል በረረች።

“ኦርቪል፣ መኪናህን አምጣልኝ።”

“እሳቱ የት ነው?”

“ሜዳው ላይ። ሣሬ እየነደደ ነው።”

ኦርቪል ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቁልፉን አነሳ። የመኪናው ውሃ ወደ ሰማይ ተረጭቶ እንደ ካፊያ ወረደ። እኛም በሜዳው ዙሪያ ካሉት ቤቶች የውሃ ጎማ ቀጣጥለን ጎተትን። ፓምፑ እስኪጠገን ድረስ ሜዳው እንደዚያ በየተራ ሲጠጣ ሰነበተ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሊላንድ መጥቶ የሣሩን ጥግ ሳብ አደረገ፤ አልመጣም። በሁለት እጁ ጎተተ፤ አሁንም አልመጣም።

“ያዘ” አለ። “አንቺ ሴትዮ፣ ያዘልሽ እኮ።”

ከዚያ ወዲያ ቨርና ውሃውን ከጊዜ ወደ ጊዜ እያራራቀች፣ ስታጠጣ ግን በደንብ እያጠገበች፣ ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ አደረገችው።

ሜዳው በተከፈተበት ቀን መቀመጫው ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዷ ልጃችን የሚያመልጥ ኳስ ለመቅለብ በደረቷ ተወርውራ ሣሩ ላይ ተንሸራተተች። ሁላችንም ኳሱን አየን፤ ቨርና ያየችው ሣሩን ነው። ልጅቷ ኳሱን ከፍ አድርጋ፣ ሆዷ አረንጓዴ ሆኖ ተነሳች። ከሥሯ አንዲት መጋጠሚያ እንኳ አልተነሳችም። አሸነፍን። ልጆቹ ሮጠው ቨርናን ከመቀመጫዋ አነሷት፤ ጫማዋን አስወልቀው በሜዳው መሐል ሲያስኬዷት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ያጨበጭብላት ነበር።