ፊቱ የነጣው ብር

ልጅ ሳለሁ፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ከቤቱ ይወጣ ነበር እንጂ አይገባም ነበር። ቀን ሙሉ የጋለው ቆርቆሮ እስኪበርድ እናቴ ግቢው ላይ ውኃ ትረጫለች፤ አልጋና ምንጣፍ ወደ ደጅ ይወጣል፤ የረጠበ አሸዋ ሽታ ከጎረቤት የከሰል ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ጎረቤታችን ሀጂ ኢብራሂም ፋኖሱን አንጠልጥሎ የሚመጣው ያኔ ነው።

ሀጂ በወጣትነቱ ብር አንጥረኛ ነበር፤ ኋላም ቀፊራ ገበያ አሮጌ ብርና ጌጣጌጥ ሲገዛና ሲሸጥ ኖሯል። ሲያረጅ ሱቁን ለልጆቹ ተወና ማታ ማታ ለእኛ ለግቢው ልጆች ተረት ያወራልን ጀመር። እንደ አገሩ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነበር የሚለው። ከመንዝ የመጣችው እናቴ ግን «እርስዎ» ማለቱን አልተወችም። አባቴ ተረት አይሰማም ነበር፤ የባቡር መካኒክ ስለነበረ ደክሞት ይገባና አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ይተኛል።

ከተረቶቹ ሁሉ የምወደው የጨረቃንና የአለማያ ሐይቅን ነበር። ጨረቃ ወደ ሐይቁ ብቅ ስትል በጥቁሩ ውኃ ላይ ነጭ ፊቷን ታያለች። «ይህ ጥቁረትህ አስጠላኝ፤ አንተም እንደኔ ንጣ» ትለዋለች። ሐይቁ እሺ አልላት ሲል ነፋስን ለመነችው። ነፋስ ውኃውን ቢዳብሰው ጊዜ የጨረቃ ፊት ተሰባብሮ ጠፋ። «ነጭ የሚያምረው ዝም ያለ ጥቁር ሲያገኝ ነው» ይልና ሀጂ ፋኖሱን ያስተካክላል።

አንድ ማታ ከዚህ ተረት በኋላ አባቴ ከአልጋው ተነሥቶ ቤት ገባና ትንሽ ሣጥን ይዞ ወጣ። ከአብዮቱ በፊት አንድ ፈረንጅ አለቃው ወደ አገሩ ሲመለስ ለመታሰቢያ የሰጠው ነው። ውስጡ ሁለት የብር ሳንቲሞች ነበሩ። ለገበያ የተሠሩ አልነበሩም፤ በጥንቃቄ ታትመው እንዲቀመጡ ብቻ የተሠሩ ናቸው። የንጉሡ ምስል ስላለባቸው በደርግ ጊዜ አደባባይ የሚያወጣቸው አልነበረም።

ሀጂ አንዱን በጠርዙ ብቻ ይዞ በፋኖሱ ብርሃን ቀስ አድርጎ አዘነበለው። ከምስሉ ዙሪያ ያለው ለስላሳ መደብ እንደ መስታወት ጠቆረ፤ የንጉሡ ፊት ግን ዱቄት እንደተነፋበት ነጭ ሆኖ ከጥቁሩ ላይ ብድግ አለ።

«ውርጭ ይመስላል!» አለች እናቴ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ውርጭ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ማተሚያው ብረት አዲስ ሳለ የወጣ ነው» አለ ሀጂ። «ብረቱ ብዙ ከመታ በኋላ ይለሰልሳል፤ ከዚያ የሚወጣው ፊት እንደ መደቡ ያብረቀርቃል። የነጣውን የሚሰበስቡ ሰዎች ደረጃ ሰጥተው በውድ ዋጋ ይገዙታል። በጣት ከነኩት ግን አለቀ።» ሁለተኛውን አላነሣውም፤ አባቴ ሣጥኑን መልሶ ደበቀው።

ጊዜው እየከፋ ሄደ። ወንድሜ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ደረሰ፤ ሰፈር ውስጥ አፈሳ ነው ሲባል እናቴ እህል አይወርድላትም ነበር። ያን ሰሞን ነው ጉሌድ የተባለ፣ ድሬና ጅቡቲ የሚመላለስ ሶማሌ ነጋዴ የብሮቹን ወሬ ከአባቴ የሰማው።

«ፊታቸው የነጣ ከሆነ ልጅህን አሻግርልሃለሁ፣ ዘመዶቼ ቤት አሳርፈዋለሁ» አለው። «ተራ ብር ከሆነ ግን፣ ወላሂ፣ ለተራ ብር ብዬ ኬላ ላይ አልያዝም። እኔ አልለይም። ሀጂ ይይልኝ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ጉሌድ ሳይመጣ አባቴ ሀጂን በር ላይ ጠበቀው። እኔ ምንጣፍ እየዘረጋሁ ነበር።

«ሀጂ፣ ግርማን ከአራስነቱ ጀምረህ ታውቀዋለህ። ምንም ብታይ እለፈው።»

ሀጂ ፋኖሱን እንዳንጠለጠለ ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ጉሌድ መጣ። ሀጂ አንደኛውን ብር አንሥቶ እንደ ልማዱ አዘነበለው፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ከዚያ ፋኖሱን ሲያቀርብ ዓይኑ የንጉሡ ጉንጭ ላይ ቆመ። ዝምታው በጣም ረዘመብኝ። አባቴ ሀጂን አየው፤ ወንድሜም አየው።

«ይህ ተዳብሷል» አለ በመጨረሻ። «ጉንጩ ላይ ንጣቱ ለቋል። ለሰብሳቢ አይሆንም።»

አባቴ ብድግ አለ። «ማን ይነካዋል? ከዚያ ማታ በቀር ከተደበቀበት ወጥቶ አያውቅም!»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። «የሶማሊያው ጦርነት ደጃችን የደረሰ ጊዜ፣ አንተ ባቡሩ ላይ ቀርተህ ሐዲዱ ተቆርጧል ሲሉኝ... ካንተ ዕቃ እጄ የገባው እሱ ነበር። እስክትመጣ ድረስ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤው ነበር። በአውራ ጣቴ የዳበስኩት ሳላውቀው ነው።»

በቁጣ የተነሣ ሰው እንደዚያ ቆሞ ሲቀር አይቼ አላውቅም። አባቴ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሀጂ ሁለተኛውን አነሣ። አዘነበለው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እንደገና ፊቱን። «ይህኛው በሁለቱም በኩል ነጭ ነው። መደቡም ጭረት የለውም። ከዚህ የተሻለ እጄ ገብቶ አያውቅም።»

ጉሌድ ብሩን ለማየት እንኳ አልጠየቀም። ነጩን ብቻ ሣጥኑ ውስጥ አድርጎ ዘጋና ኪሱ ከተተው። «ለወዳጁ ያልዋሸ ለኔ አይዋሽም» አለ። «አንዱ ይበቃኛል። አንተ ልጅ፣ ነገ ተዘጋጅ።»

ግርማ ሄደ። የባቡር ሠራተኞች በሰላም ጅቡቲ መግባቱን እስኪነግሩን ድረስ አባቴ ሀጂን ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። ወንድሜን ያተረፈው የሀጂ እውነት መሆኑን ያውቃል፤ ግን ያን ዝምታ፣ ልጁ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ የቆየበትን፣ ቶሎ ሊረሳው አልቻለም መሰለኝ። እናቴ ግን በማግስቱም ለሀጂ ሻይ አቀረበች። የተዳበሰው ብርም ከዚያ ወዲያ አልተደበቀም፤ አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ሰጣት።

ዛሬ ግርማ እዚያው ጅቡቲ ወልዶ ከብዷል። ሀጂ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ሰውን ከልብ እየወደዱ እሱ የማይፈልገውን እውነት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ደጋግሜ ሞክሬው ብዙ ጊዜ አቅቶኛል። ሲያቅተኝ የሚታወሰኝ የግርማ ወሬ የተሰማበት ማታ ነው። እኛ ልጆች ሀጂን ከበን ተቀምጠን ሳለ አባቴ ከአልጋው ተነሣ፤ ትራሱን ይዞ መጣና ከመካከላችን ቦታ አስለቅቆ ተቀመጠ።

«ሀጂ» አለው፣ «ዛሬ ተረት የለም እንዴ?»