ለኢንሹራንስ የተደረገ ምልጃ

በደርግ ጊዜ ከወረታ ባሕር ዳር ሰውና ጓዝ የማመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ። ቤቴ የሚተዳደረው በእሷ ነበር። አንድ ቀን ቁሐር ሚካኤልን አለፍ እንዳልኩ፣ ከፊቴ የሚመጣ የጭነት መኪና መንገድ የሞላውን ከብት ለማለፍ ሲል የኔን መስመር ይዞ መጣና ገጨኝ። የፒካፗ አፍንጫ ተጨፈለቀ፣ ግራ እጄ ተሰበረ፣ ሾፌሩ ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ።

የጭነት መኪናው ባለቤት ጎንደር ነው የሚኖረው። ኢንሹራንስ አለው ወይ ብዬ ሳስጠይቅ «አለው» ይላል፤ ወረቀቱን አምጣ ሲባል ዛሬ ነገ ይላል። ባሕር ዳር ኢንሹራንስ ቢሮ ያነጋገርኩት ወጣት ሠራተኛም አጣርቼ እነግርዎታለሁ አለኝና፣ «ጓድ፣ እስከዚያ ከሾፌሩ ጋር እንዳይታረቁ። ይቅር ብያለሁ ካሉ የካሳው ነገር ይበላሻል» ሲል አስጠነቀቀኝ። ይህችን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አሰርኳት።

በሳምንቱ ጠዋት የሾፌሩ አባት፣ ከቁሐር በኩል የመጡ ሽማግሌ ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጄ ቆሙ። ትልቅ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ወደ መሬት አጎንብሰዋል። ባገራችን እንዲህ ሆኖ ለምልጃ የመጣን ሰው «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን ማውረድ ነው ወጉ። ለዚያውም ቄስ ናቸው። ታርቄያለሁ ብዬ ጣቢያ ብቀርብ ልጃቸው ይፈታ ነበር።

እኔ ግን ተገትሬ ቀረሁ። እጄ መታሰሩ ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ሲወርድ አያለሁ። ፊቴ በሐፍረት ነደደ።

«አባ፣ እኔስ ባልጠላሁ፤ ኢንሹራንሱ ነው ያልፈቀደ» አልኩ።

አንገታቸውን ሳያቀኑ «እሱ የት ነው ያለ፣ ልጄ?» አሉኝ። «እሱንም እለምነዋለሁ።»

ሰው አይደለም ማለት አቃተኝ። «ባሕር ዳር» አልኩ።

በማግስቱ አብረን በአውቶቡስ ሄድን። ድንጋዩን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር። ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ አውጥተው ተሸከሙትና የዚያ ወጣት ጠረጴዛ ፊት ሄደው ጎንበስ አሉ። ልጁ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ አውርዶ ግድግዳው ሥር አኖረ፤ ጉልበታቸውን ሳመና «ኧረ ይነሱ አባቴ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው» አላቸው። የራሱን ወንበር ሰጣቸው። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ከተረጋጉ በኋላ ወደኔ ዞሮ፣ «የዚያ መኪና ውል ካለቀ ቆይቷል፤ አላሳደሱትም። ከኛ የሚያገኙት ነገር የለም» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው «ይቅር ብያለሁ፣ አባ» ያልኩት። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ረዘመብኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አላስቀምጥ አሉኝ። ከጎናቸው ላለውም ከኋላ ላለውም፣ «እጁን የሰበረውን ልጄን የማረልኝ ይኸ ነው» እያሉ በጣታቸው ያሳዩኛል። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ የታሰረ እጄን አየና «እግዜር ይስጥህ» አለኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።