የዳኛው ኮት

ደበበ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ዓይኑን ከአንድ ሽማግሌ ጀርባ ላይ አልነቀለም። ሽማግሌው አቶ ወልደዮሐንስ ይባላሉ። የዲላ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ዳኛ ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው በረንዳ ላይ፣ ደበበ ከሚሰፋበት ፊት ለፊት፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይውላሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ በሃምሳዎቹ ዓመታት ማኅበሩ ውስጥ መግባት የፈለገ ሰፊ ለዳኛው አንድ ኮት ይሰፋል። ሜትር መዘርጋት የለም፤ ዳኛውን መንካት የለም፤ አሮጌ ኮታቸውን ተውሶ ማየትም የለም። በዓይን ለክቶ መቁረጥ ነው። ቡናው ተለቅሞ አልቆ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በየካቲት በአንድ እሑድ ማኅበርተኛው ይሰበሰባል፤ ዳኛው ተነሥተው ኮቱን ይለብሱታል። ልክ ከሆነ ሰውየው ገባ፤ ማኅበሩም ዳኛውን በአዲሱ ኮት አስቀድሞ ከተማውን ይዞራል። ካልሆነ ለከርሞ ይሞክራል።

ለደበበ ግን ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም። በረንዳውን ያከራየው ባለሱቅ ቁርጡን ነግሮታል።

«ከፋሲካ ወዲያ በረንዳዬን ለማኅበርተኛ ነው የምሰጠው። የሰው ጨርቅ ይዞ የጠፋ ሰፊ ቢኖር ማኅበሩን እጠይቃለሁ። አንተን ማንን ልጠይቅ?»

ደበበ ኮቱ ካልተሳካለት መኪናውን በአህያ ጭኖ ወደ ተወለደበት ወደ ባንኮ ጎቲቲ መመለስ ነው። እዚያ ደግሞ ገበሬው ልብስ የሚያሰፋው ለገና ብቻ ነው።

የበረንዳው ነገር ብቻም አልነበረም። ማዶ ያሉት ማኅበርተኞች ክር ያለቀበት ሲኖር ከበረንዳ ወደ በረንዳ ይወራወራሉ። አንዱ ሲታመም ጅምር ሥራውን ሌሎቹ ተካፍለው ይጨርሱለታል። ምሳ ሲደርስ ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። ደበበ መርፌ ሲሰበርበት ብቻውን ተነሥቶ ሱቅ ይሄዳል። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነውና አማርኛው እንዳይሳቅበት ብሎ ከእነሱ ጋር ብዙ አይነጋገርም።

ዝም ቢልም የሚተወው አላገኘም። ሸምሱ የሚባል የማኅበሩ ቀልደኛ ነበር፤ አንድ ቀን ጨርቅ ታቅፎ ሲያልፍ አጠገቡ ቆመ።

«ደቤ፣ ኧረ ሽማግሌውን ተዋቸው! ጀርባቸውን በዓይንህ ጨረስከው እኮ።»

«አየሁ እንጂ ምን አደረግሁ፣ ጋሼ ሸምሱ።»

«ነገ ወገባቸውን ሲያማቸው፣ ማዶ ያለው ሰውዬ ቡዳ ነው ይሉሃል። ነግሬሃለሁ!»

ደበበ ሳቅ አለና ወደ ጨርቁ አቀረቀረ። ሸምሱ ራቅ ሲል ግን ዓይኑ ወደ ማዶው ጀርባ ተመለሰ።

ከጥምቀት በኋላ ጥቁር ሰማያዊ ገበርዲን ገዝቶ ቆረጠ። ሚስቱ አትጠገብ እንደ ዳኛው ቁመተ ረጅም ነበረችና፣ ገና ገበር ያልገባለትን ኮት እሷ ላይ አደረገው።

«ጎበጥ በይ» አላት።

ጎበጥ አለች።

«ትንሽ ጨምሪ። ትከሻሽን ወደ ፊት።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ በአንድ ቀን አስረጀኸኝ!»

«ኮቱ ግን ተቀመጠልሽ።»

«በጎበጠ ጀርባማ ተቀምጧል» አለችና አውልቃ ሰጠችው። ደበበ ደስ አለው። ገበሩን አስገባ፣ ቁልፉን ተከለ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለው።

በየካቲቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበርተኛው በአቶ ወልደዮሐንስ ግቢ ተሰበሰበ። ሁሉም የማኅበሩን ሰማያዊ ኮት ለብሷል። ከመካከላቸው እስላሞችም የሚሲዮን ሰዎችም ስላሉ የሚጠጣው ብርዝ ነው፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባምና ቆጮና ጎመን በቅቤ ቀርቧል። ሸምሱ ጥቅሉን ፈታና ኮቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ስፌቱን እያገላበጡ አዩት፤ ማንም ነቀፌታ አላገኘም። ዳኛው ተነሡ፣ እጃቸውን አስገቡ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

ኮቱ ከኋላ እንደ ጆንያ ተንዘርጥጧል፤ ከፊት ወደ ላይ ተሰብስቦ የቀበቶአቸው ዘለበት ይታያል። እጅጌዎቹ የሚገፋ ጋሪ ያለ ይመስል ወደ ፊት ተዘርግተዋል።

«ዳኛችን፣ ያዘሉት ሕፃን የማን ነው?» አለ ሸምሱ።

ደበበ መሬት ብትውጠው በወደደ። ስሕተቱ ያኔ ነው የገባው። ዳኛውን ቆመው አይቷቸው አያውቅም ማለት አይደለም፤ ተነሥተው ወደ እሱ ሲዞሩ ግን እፍረት ይይዘውና ዓይኑን ይሰብራል። አፍጥጦ የሚያያቸው መኪናቸው ላይ ሲያቀረቅሩ ብቻ ነው። የሰፋው ለተቀመጠ ሰው ነበር።

«ይቅርታ አባባ» አለ። «ያየሁዎት ተቀምጠው ነው።»

ዳኛው ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ተቀመጡና ብርዛቸውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ብርጭቆውን ሳያነሡት እጃቸው ቀረ። ግራ ትከሻቸውን አነቃነቁ፤ ቀኙን አነቃነቁ። ጨርቅ እንደሚገፋ ሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ሰደዱ።

«እስቲ መኪናዬን አውጡልኝ» አሉ።

ሁለት ሰዎች መኪናውን ከቤት አወጡት። ዳኛው ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገብተው ይረግጡ ጀመር። ጀርባው ሞላ፤ የፊቱ ጫፍ ጉልበታቸው ላይ አረፈ፤ እጅጌው ክንዳቸውን ተከትሎ ሄደ። የሚስቅ ጠፋ። ሁሉም ሰፊ ነውና ያየውን ያውቃል።

«ኮት ለብሼ ሰፍቼ አላውቅም» አሉ ዳኛው እግራቸውን ሳያቆሙ። «ሌላው ኮት ሁሉ ብብቴን ይይዘኛል። ስንት ክረምት በሸሚዝ ስንቀጠቀጥ ኖርሁ!»

«ሕጉስ ዳኛ?» አለ ሸምሱ። «ቆመው ይለብሱታል ነው እኮ የሚለው።»

«ቆሜ ለበስሁት፣ ስቃችሁም ጠገባችሁ። ለመቆሚያማ ሣጥን ሙሉ ኮት አለኝ። ይኸን ልጅ አልቀበልም የሚል ይናገር።»

«እኔ እንኳ እቀበላለሁ» አለ ሸምሱ። «ግን ደቤ፣ ወደፊት ዳኛ ብሆን ተኝቼ እንዳትለካኝ፣ አደራ!»

ግቢው እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ደበበም አብሮ ሳቀ። ዳኛው ጠሩትና የማኅበርተኛ ምልክት የሆነውን ክር የገባበት መርፌ ኮሌታው ላይ ሰኩለት። ማኅበርተኛው ተራ በተራ እየመጣ ትከሻ ለትከሻ ሳመው።

«እንግዲህ ከተማውን እንዙር» አለ አንዱ። «አባባ ግን ይህን ለብሰው እንዴት ይሄዳሉ?»

«ማን ይሄዳል? ጋሪ ጥሩልኝ!»

ጋሪ ተጠራ። ዳኛው በአዲሱ ኮት ጎበጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሹም ተቀመጡ። ሰፊዎቹ ሁሉ በሰማያዊ ኮታቸው ከኋላ ተከተሉ፤ ደበበ ከፊተኛው ረድፍ ከሸምሱ ጎን ሆነ። ከባለሱቁ በር ሲደርሱ ሰውየው ወጥቶ የደበበ ኮሌታ ላይ ያለውን መርፌ አየና ባርኔጣውን አነሣ።

ትንሽ እልፍ እንዳሉ አንዲት ሴትዮ ከደጃፏ ብድግ አለች።

«ውይ፣ ዳኛው ምነው በጋሪ? ታመው ነው እንዴ?»

ሸምሱ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ደበበ ቀደመው።

«አልታመሙም እትዬ» አለ ጮክ ብሎ። «ተመችቷቸው ነው።»