ጫፉን ብቻ

በደርግ ዘመን መርሳ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሳስተምር የበኩር ልጄን ወለድኩ። ብዙም ሳይቆይ የጡቶቼ ጫፎች ተሰነጠቁ። ልጄ ለመጥባት ሲያለቅስ እኔ ሳጠባ አለቅስ ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ከወልድያ “ቅዳሜ ጡጦ ይዤ እመጣለሁ፤ ጡቱን ታስጥዪዋለሽ” ብላ ላከችብኝ። እኔ ማስጣል አልፈለግሁም።

የሕመሙን መነሻ በቅደም ተከተል ላስረዳ። በመሠረተ ትምህርት ክፍል ለሴቶች ስለ ንጽሕና የማስተምረው እኔ ነበርኩ። መምህር የሚያስተምረውን መፈጸም አለበት። ስለዚህ ባጠባሁ ቁጥር አስቀድሜ ጡቴን በልብስ ሳሙና እፈትግ ነበር። ተማሪዬም አከራዬም የሆኑት የእህል ነጋዴው ሚስት አዩኝ።

“ልጄ፣ ጡት ነው ወይስ ጆንያ የምታጥቢው?”

“ጀርም እኮ አለ፣ እማማ። እርስዎንም አስተምሬዎታለሁ።”

“ወላሂ፣ ጀርሙስ ሞቷል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።”

ሳሙናውን ተውኩ፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም። ከጤና ጣቢያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው የሚቀባ መድኃኒት ተሰጠኝ። የልጄ አፍ ወይን ጠጅ ሆነ። ጎረቤቱ የመምህሯ ልጅ ቀለም ጠጣ ብሎ ሊጠይቀን መጣ።

ዓርብ ጠዋት ሲጠባ ጎንበስ ብዬ አፉን አየሁት። የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። እርሳስ ጫፉ ላይ የሚይዙ ተማሪዎቼ ሁለት ፊደል ሳይጽፉ ይሰብሩታል፤ ጣታቸውን ወደ ላይ ስገፋ ነው የምውለው። ትንሿን ጣቴን በአፉ ጥግ አስገብቼ አስለቀቅሁት። ወደ እሱ ማጎንበሴን ትቼ፣ ሆዱን ከሆዴ አስጠግቼ፣ አፉን በደንብ ሲከፍት ወደ ጡቴ ሳብኩት። ከጫፉ አልፎ ጥቁሩን ክብ ጎረሰ። መጀመሪያ አመመኝ፤ ከዚያ ቀለል አለ። ሲጨርስ ከወተቴ ጠብታ ቀብቼ ነፋስ እንዲያደርቀው ተውኩት።

“ማን አሳየሽ?” አሉ አከራዬ።

“አንደኛ ክፍሎች።”

“እነሱም ያጠባሉ?”

ቅዳሜ እናቴ ጡጦውን በነጠላዋ ቋጥራ ገባች። ሳትቀመጥ ወተት ጠየቀች። ልጁን አስጠግቼ እያጠባሁ ማብራሪያዬን ከእርሳሱ ጀመርኩ።

“እርሳሱን ተይው። እኔ ፊትሽን ነው የማየው” አለች።

ልጁ እስኪጠግብ ፊቴን ስታይ ቆየች፤ አንዴም ሲጨማደድ አላየችም። ከዚያ ቋጠሮዋን ፈትታ ጡጦውን አወጣች።

“ላምባ አለሽ?” አለችኝ።

ያ ጡጦ ለዓመታት ኩራዜን ሞላ። አንድ ጠብታ አያፈስም ነበር።